ውስጡ ባዶ ፊደል፦ ስለ ባለጠርዝ ፎንትና ስለ ግዕዝ ሆሄያት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ታፔላ ነው። አንድ ተማሪዬ ለመመረቂያ ሥራው ከወልድያ ወደ ሀብሩ ለሚመላለሱ ሚኒባሶች «መርሳ» የሚል ጽሑፍ ነድፎ አመጣ። ፊደሉ መጪውን ዘመን የሚያስታውስ፣ ማዕዘኑ የተሳለ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ በጠርዝ መስመር ብቻ የቆመ ነበር። ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስናየው አማረን፤ እኔም ከፍተኛ ውጤት ሰጠሁት። በማግስቱ መናኸሪያ ወስደን አንድ ሚኒባስ ላይ አቆምነው። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቀለሙ ገና አላለቀም እንዴ? የት የሚሄድ ነው?» አሉን። ሳልመረምር ውጤት መስጠቴ ያኔ ገባኝ።

የላቲን ዐቢይ ፊደላት 26 ናቸው፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል በአንድ መሠረትና በአንድ ጣሪያ መካከል ይቆማሉ። ነዳፊው በካሬ መረብ ላይ አስተካክሎ ውስጣቸውን ቢቦረቡረው ብዙም አያጣም። የእኛዎቹ 33 ሆሄያት ግን በሰባት ሰባት ቤት ተዘርግተው 231 ይሆናሉ፤ ቤቱንም ከቤት የሚለየው እጅግ ትንሽ ነገር ነው። የ«ሳ» ቀኝ እግር ከግራው ይረዝማል፤ የ«ሶ» ተቃራኒው ነው። መረቡ እግሮቹን እኩል ካደረጋቸው ሁለቱም «ሰ» ሆነው ይቀራሉ። «ቢ» እግሩ ላይ አጭር መስመር፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት አለው፤ ጠርዙ ወፍሮ ቀለበቱ ሲደፈን «ሻይ ቤት» የሚለው «ሻይ ቢት» ይሆናል። «መ»ማ ከሁሉም ይብሳል፤ ሁለቱ ቀለበቶቹ በጠርዝ ሲሠሩ አራት ክብ ይሆናሉ፣ ከሩቅም አንድ የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይመስላሉ።

የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ሲጽፉ ወፍራሙን ቋሚ ከቀጭኑ መስመር ለይተውልናል፤ ዓይናችንም የለመደው ይህንን ሙሉ አካል ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም የታተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትም ይህንኑ የእጅ ጽሕፈት መልክ ተከትሏል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ መልኩን ግን አልደነገገም። ፊደሉ መነበብ አለመነበቡ የነዳፊው ዕዳ ነው።

ባለጠርዝ ፎንት ይወገድ አልልም። በኮንሰርት ፖስተር፣ በአልበም ሽፋን፣ በፊልም ርዕስ ላይ ሁለት ሦስት ቃል በትልቁ ሲጻፍ ውበቱን እወድለታለሁ። (ተማሪዎቼ እንደሚያሙኝ ያለፈ ዘመን ሰው አይደለሁም።) ተሳፋሪ እየሮጠ በሚያነበው ታፔላና በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ግን አልቀበለውም።

ተማሪው ሥራውን እንደገና ጀምሯል። ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያወጣውን ጠርዝ ትቶ እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ነደፈ፤ የ«መ»ን ቀለበቶች አሰፋ፣ የ«ሳ»ን ቀኝ እግር ወደ ታች አስረዘመ፣ ቤት የሚለዩትን ምልክቶችም በቀለም ሞላቸው። ውጤቱን ገና አልሰጠሁትም፤ ነገ ጠዋት ታፔላውን ይዘን መናኸሪያ እንሄዳለን።