ስለ ጕልበት ሕመምና ስለ ቁርጥማት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በቋንቋችን ጕልበት የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ኀይል ነው፤ ሁለተኛው በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መታጠፊያ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም የጠሩበትን ምክንያት ያስተዋልሁት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በአያቴ ነው። አያቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጕልበታቸውን ይታመሙ ጀመር። በመጀመሪያ ስግደት ተዉ፤ ቀጥሎ ገበያ መሄድ ተዉ፤ በመጨረሻም ከበርጩማ ለመነሣት ሰው ይጣሩ ነበር። «ጕልበቴ ከዳኝ» ሲሉ ስለ እግራቸው ብቻ እንዳልተናገሩ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ በባዮሎጂ ክፍል የተማርሁትን፤ ከመጻሕፍት ያነበብሁትን፤ አያቴን የሚያክሙትንም ሐኪም እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው። ርእሱን ስመርጥ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የሽማግሌ ወሬ ነው» ብለው ስቀውብኛል። ለእነርሱም የሚሆን ነገር ስላለኝ ጥቂት ይታገሡኝ።

አስቀድሜ የመገጣጠሚያን አሠራር ልናገር። ለበዓል በሬ ሲታረድ ጭኑና ቅልጥሙ የሚጋጠሙበትን ስፍራ ተመልክታችሁ እንደ ሆነ፤ የአጥንቱ ጫፍ እንደ ሸክላ ሳሕን የሚያብረቀርቅና የሚያዳልጥ ልባስ አለው። ይህ ልም አጥንት ይባላል። በሁለቱ አጥንቶች መካከልም እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ በተጎዳ ጊዜ እንደ ቆዳ ቶሎ አይድንም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚያ ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ ይጨመቃል፤ እግራችንን ስናነሣ ደግሞ እንደ ሰፍነግ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። እንግዲህ የታመመውን ጕልበት «ፈጽሞ ይረፍ» ብሎ ወራት ማስቀመጥ ምግብ እንደ መከልከል ይቈጠራል።

በአገራችን መገጣጠሚያውን የታመመ ሰው ሁሉ «ብርድ ገብቶበት ነው» ይባላል። ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል፤ በሽታውን የፈጠረው ግን እርሱ አይደለም። በሽታውም አንድ አይደለም። ሐኪሞች ከመቶ የሚበልጡ ዐይነቶችን ይቈጥራሉ፤ እኔ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ። አንደኛው ልም አጥንቱ ከዕድሜ፤ ከውፍረት ወይም ከቀድሞ ጉዳት የተነሣ እየሳሳ የሚሄድበት ነው፤ የአያቴ ይህ ነው። ሁለተኛው ከጀርም ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን የሚወጋበት ነው፤ ይህ የአክስቴ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ሪህ ነው፤ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ እንደ መርፌ በሾለ ቅንጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በእግር አውራ ጣት ሌሊት ይጀምራል። ሪህ ላለበት ሰው ሥጋ፤ ይልቁንም ጉበትና ኩላሊት፤ ቢራና ስኳር የበዛበት መጠጥ ይከፋበታል። ምስርና ሽሮ ግን እንደ ሥጋው አይጎዱትም፤ ስለዚህ የጾማችን ማዕድ ለሪሃም መልካም ነው ማለት ይቻላል።

አያቴ ሲታመሙ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጤና አዳም ይዘው መጡ፤ ሌላዋ ዋግምት ይሁን አሉ፤ አንድ ሽማግሌም በጋለ ብረት ተኰሷቸው። ከመተኰሱ የቀረላቸው ሁለት ጠባሳ ብቻ ነው። በዋግምትም ቢሆን ምላጩ ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወር ከሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። እነዚህን ሁለቱን ፈጽሞ እቃወማለሁ።

በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ጨው ግን ሌላ ነው። ይህ የእናቶቻችን ብልሃት ሕመምን በእውነት ያስታግሣል፤ ሙቀት የተኰማተረውን ጡንቻ ያፍታታልና። ሐኪሙም አልነቀፉትም፤ ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁ። ቆዳን እስኪያቃጥል አይሁን፤ የስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰውም ሙቀቱን በእጁ ሳይለካ አያድርገው። መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ራሱ የሚያተኵስ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይሻለዋል። ፍል ውሃም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ከሰፈሩ በኋላ እንደ ሆነ በታሪክ ተምረናል። ሙቁ ውሃ ሰውነትን ስለሚሸከም ደረቅ መሬት ላይ የማይታጠፍ ጕልበት በውሃ ውስጥ ይታጠፋል። ያለቀ ልም አጥንት ግን አያበቅልም፤ ከውሃው ሲወጡ እንቅስቃሴውን መቀጠል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አያቴ ወደ ሐኪም የሄዱት ብርቱ መርፌ ወይም ውድ ክኒን ተስፋ አድርገው ነበር። ሐኪሙ ግን ወንበር ላይ አስቀምጠው «እማማ፤ እግርዎን ይዘርጉ» አሏቸው። እስከ አምስት ቈጥረው «አሁን ያውርዱት» አሉ። ይህን በየእግሩ ዐሥር ጊዜ፤ ጧትና ማታ እንዲያደርጉ አዘዙ። አያቴ በጣም ተቈጡ፤ «ገንዘቤን የወሰደው እግር አንሥተሽ ጣይ ለማለት ነው!» እያሉ እቤት ገቡ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የጭን ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ጣራውን ባላ እንደሚደግፈው ጕልበትን ይደግፋል፤ ሰው በሕመም ምክንያት ሲቀመጥ ጡንቻው ይከሳል፤ ድጋፉ በጠፋ መጠን ሕመሙ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት አመማቸው። ሐኪሙ ግን ጥቂት ሕመም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ከብዶ ካደረ ብቻ ቊጥሩን ቀንሱ ብለው ስለ ነበር አላቋረጥንም። ቈጣሪው እኔ ነበርሁ፤ አያቴ ሰባት ላይ «ዐሥር ሞላ» ብለው ሊያታልሉኝ ይሞክሩ ነበር። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አንድ ቀን ማንንም ሳይጣሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ቀጥሎ እስከ በራችን፤ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ መሄድ ጀመሩ።

ምርኵዛቸውንም በታመመው እግር በኩል ይይዙ ነበር፤ እኛም ትክክል ይመስለን ነበር። ሐኪሙ ግን በተቃራኒው እጅ አስያዟቸው፤ ቀኝ ጕልበት ከታመመ ምርኵዙ በግራ እጅ ይያዛል፤ ሁለቱም አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው፤ በየመንገዱ ግን የሚሳሳቱ ብዙ ሽማግሌዎችን አያለሁ።

ስለ ውፍረት መናገር በአገራችን ያስቸግራል፤ መወፈር የደልዳላ ኑሮ ምልክት ሆኖ ኖሯልና። ሆኖም አንድ ኪሎ ክብደት የቀነሰ ሰው በሚራመድበት ጊዜ ከጕልበቱ ላይ አራት ኪሎ የሚያህል ሸክም እንደሚቀንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አምስት ኪሎ ብንቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ የሃያ ኪሎ ሸክም አወረድን ማለት ነው። አያቴ ከሻይ ስኳርን፤ ከወጥም ዘይትን ቀነሱ። ከበርጩማ ወደ ከፍ ያለ ወንበር መዛወሩን ግን እንቢ አሉ፤ «ቡና በጠረጴዛ ላይ ይፈላል ወይ?» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ አባቴ ረከቦቱን ከፍ ባለ ሣጥን ላይ አኖሩላቸው፤ ጠቡም በዚህ አለቀ።

ስለ ዕፀዋት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዝንጅብልና እርድ በጥቂት ጥናቶች ሕመምን በመጠኑ አስታግሠዋል፤ በወጥና በሻይ መጠቀሙ ጉዳት የለውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ዱቄቱን በብዛት ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ከእርሱ በልክ የተሠራ ቅባት አለ፤ ዘወትር ሲቀባ የሕመምን መልእክተኛ ነርቭ ያደክማል። ይህን ሰምታችሁ ግን ሚጥሚጣ በጕልበታችሁ ላይ እንዳትደመድሙ፤ ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ሌሊቱን በውሃ ገንዳ ውስጥ አድሯል።

በመዝሙረ ዳዊት የምናነበው፤ በወንዞቻችንም ዳር የሚበቅለው የአኻያ ዛፍ ዘመዶች በዚህ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላቸው። ኤድዋርድ ስቶን የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1763 የአኻያ ልጥ ዱቄት ለንዳድ እንደሚረዳ ጻፉ። በ1897 ደግሞ በጀርመን አገር በባየር ፋብሪካ ፌሊክስ ሆፍማን አስፒሪንን በንጹሕ መልክ ሠራ። ስለዚህ «የዛፍ መድኃኒት» እና «የፋብሪካ መድኃኒት» ብለን እንደ ጠላት የምንለያያቸው አንዳንዴ እናትና ልጅ ናቸው። ልዩነቱ በፋብሪካው ክኒን መጠኑ መታወቁ ነው። አስፒሪንና ዘመዶቹ እነ ዲክሎፌናክም ቢሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ቢዋጡ ጨጓራን ያቈስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ከሁሉ የምፈራው «ንጹሕ የዕፅ መድኃኒት» እየተባለ በውስጡ ሌላ የተደበቀበትን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አርትሪ ኪንግ በሚባል ለቁርጥማት በሚሸጥ ክኒን ውስጥ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታሶንና ዲክሎፌናክ ማግኘቱን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለው ነገር በሦስት ቀን ያስጨፍራል፤ ቈይቶ ግን ፊትን ያሳብጣል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም ሕይወቱ ላይ አደጋ ይመጣል።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ያብጡ ጀመር፤ ጧት ጧት ከአንድ ሰዓት በላይ ጣቶቿ አይታጠፉም፤ ቍልፍ መቈለፍ አቃታት። እኛም «የአያቴ ዐይነት ነው፤ እንቅስቃሴና ዝንጅብል ይበቃዋል» አልን። በዚህ ንግግር ውስጥ ያመሰገንኋቸው ነገሮች ሁሉ ተሞከሩ፤ ቅጠልም ታሸ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ወደ ሐኪም ስትደርስ ሁለተኛው ዐይነት መሆኑ ታወቀ፤ ይህ ዐይነት መገጣጠሚያን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበላልና ቶሎ በመድኃኒት ካልተገታ የፈረሰው አይመለስም። ዛሬ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን ክኒን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትወስዳለች፤ ደሟም በየጊዜው ይመረመራል። እብጠቱ ጠፍቷል፤ ሕመሙም ቀሏል። የተጣመሙት ጣቶቿ ግን አልተቃኑም፤ መቀሱን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ከዘገዩት አንዱ እኔ ነኝ፤ «ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል» ብዬ ዝንጅብሉን የወቀጥሁላት እኔ ነበርሁና።

ስለዚህ የሁለት እጅ ጣቶች አብረው ሲያብጡ፤ የጧቱም መገተር ሲረዝም በቅጠል አትዘግዩ። አንድ መገጣጠሚያ ከትኵሳት ጋር በድንገት አብጦ ቢቀላ ደግሞ ነገን አትጠብቁ፤ ጀርም ገብቶበት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይኬድ።

ለሳቃችሁብኝ ጓደኞቼ ያልኋችሁ ይኸው ነው። ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ቶንሲል አሞት ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ከጕልበት ወደ ክርን፤ ከክርን ወደ ቍርጭምጭሚት የሚዘዋወር ከሆነ «ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው» ተብሎ አይታለፍ። መገጣጠሚያው በራሱ ይሻለዋል፤ የልብ በር ግን በዚያ ምክንያት ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ ልብ በሉ።

ሰዓቴ ስላለቀ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት ወንበር ቀና በሉ፤ ቀኝ እግራችሁንም ወደ ፊት ዘርጉ። ክቡራን መምህራንም እንደዚሁ። እስከ አምስት እቈጥራለሁ። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡት አያቴ ገና ሳልጀምር እግራቸውን ዘርግተዋል፤ እርሳቸውን እያያችሁ አድርጉ። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት…