ሸክም አዝሎ ሽቅብ

አቅራቢ 1፦ ከአንጋጫ ሆነን ስለ ወታደራዊ የተራራ ጉዞ እናወጋለን። ወንድሜ፣ የከምባታው ሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ 777 ደረጃዎችም ተሠርተውለታል። ከባድ ሻንጣ አዝሎ እንዲህ ያለውን ዳገት ለመውጣት ምን ያስፈልጋል?

አቅራቢ 2፦ ከሁሉ በፊት ትዕግሥት፣ እህቴ። ሸክሙን ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ከባዱ ዕቃ ጀርባን ተጠግቶ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ የወገብ ማሰሪያው ጠበቅ ሲል ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ጉልበት ይበልጥ የሚፈተነው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ እርምጃን ማሳጠር ይበጃል።

አቅራቢ 1፦ በሆላንድ ናይሜኸን ከተማ በሚካሄደው የእግር ጉዞ ወታደሮች ቢያንስ 10 ኪሎ ተሸክመው በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ ለ4 ቀናት ይጓዛሉ። ሸክም ይዞ መጓዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1888 ዓ.ም. ስንቃቸውን ይዘው ዓድዋ የዘመቱት አብዛኞቹ እግረኞች ነበሩ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የ«ጉዞ ዓድዋ» ተጓዦች ከአዲስ አበባ ተነስተው ያንኑ አቅጣጫ በእግራቸው ተከትለዋል።

አቅራቢ 2፦ የገጠር እናቶቻችንስ? እንጨትና ውሃ አዝለው በየቀኑ ዳገት ይወጣሉ፤ ሜዳሊያ ያጠለቀላቸው የለም። እኔ የምለው፣ እዚህም የሸክም ጉዞ ይዘጋጅ፤ ወጣቶቻችን መንገድ ይምሩ፣ ሐኪም ይኑር።

አቅራቢ 1፦ እስማማለሁ። የቡድኑ ፍጥነትም በደካማው ተጓዥ ልክ ይሁን፤ አብሮ የወጣ አብሮ ይውረድ!