ትንሹ ሞተርና ዘይቱ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የምናገረው በጀርባ ስለሚታዘለው የመድኃኒት መርጫ ሞተርና ባሕር ዛፍ ስለምንቆርጥበት የሞተር መጋዝ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ እስከ ሊበን በቆሎ ለሚያመርትና ባሕር ዛፍ ለሚሸጥ አርሶ አደር ሁለቱም ጉልበት ቆጣቢ ናቸው።

አብዛኞቻችን የለመድነው የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተርን ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ ባለ አራት ምት ነው፤ ዘይቱ ከሥር በራሱ ቋት ይቀመጣል፣ ቤንዚኑ ለብቻው ይሞላል። መርጫውና መጋዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ናቸው። ባለ አራት ምቱ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ጉልበት ይሰጣል፤ ባለ ሁለት ምቱ በየዙሩ ይሰጣል። ጭስ የሚያስወጣበት ቫልቭም አያስፈልገውም፤ ፒስተኑ ራሱ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይይዘው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው የሚሸከመው ሞተሩ እየቀለለ በመምጣቱ ነው።

ቅለቱ ግን ዋጋ አለው። ነዳጁ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ክራንኩ ባለበት ክፍል አልፎ ስለሆነ እዚያ ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ቤንዚን ብቻ ከተሞላ ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቀራል።

መጠኑን የሚወስነው የመሣሪያው መመሪያ ነው። 25 ለ1 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ1 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይቱም ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ዘይት አይተካውም። ዘይት ሲበዛም ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ይደፈናል። በዓይን ግምት አይሆንም፤ በሌላ ጀሪካን ለክቶ፣ በደንብ ነቅንቆ መሙላት ነው።

የማኅበር መርጫ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዱ ዘይት ከረሳ የሁሉም ተራ ይቀራል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ ሞተር እስኪጠገን አይጠብቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ፦ ለድብልቁ ብቻ የሚውል ምልክት ያለበት ጀሪካን ያዘጋጅ፤ የሚቀላቅል አንድ የሠለጠነ ሰው ይመድብ፤ መሣሪያውን ማን እንደወሰደና በምን ሁኔታ እንደመለሰ በመዝገብ ይያዝ። የዘይቱ ወጪ ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።