ጃፓንን በክፍል ውስጥ ስለ ማስተማር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው የጃፓን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ቢሰጥ ይጠቅማል ስለሚለው ጥያቄ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ጃፓን ለእኛ ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን አርአያው የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ነበር። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው፥ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን አሳተሙ። በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጃፓን አብልጠን የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ «እንዴት ሠለጠናችሁ?» የሚል። ነገር ግን ጎረቤቱን ገንዘብ ያገኘበትን ዘዴ ብቻ የሚጠይቅ ሰው፥ ጎረቤቱን ያውቀዋል አይባልም።

አስተማሪው በ1868 ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ፥ ባቡር ተዘረጋ፥ በ1905 ሩስያ ተሸነፈች ብሎ በሰሌዳ ላይ ቢጽፍ፥ ተማሪው ገልብጦ ደወል ሲደወል ይወጣል። ከዚህ የሚያተርፈው ቅናት ብቻ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ በዚህ ፈንታ ሦስት ትምህርቶችን አቀርባለሁ።

አንደኛው የቋንቋና የግጥም ይሁን። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለች የቤተ መንግሥት ወይዘሮ «የጌንጂ ታሪክ» የሚባለውን ረጅም ልብ ወለድ ጻፈች። በዘመኑ ወንዶቹ ሊቃውንት ለቁም ነገር የሚመርጡት የቻይናን ጽሕፈት ነበር። እርሷ ግን በአገሯ ቋንቋ፥ ካና በሚባለው ፊደል ጻፈች። ግዕዝ የሊቃውንት፥ አማርኛ የመነጋገሪያ ሆኖ የኖረበትን ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የጃፓን ባለ ቅኔዎች በኅብረ ቃልም ይጠቀማሉ። «ማትሱ» የጥድ ዓይነት ዛፍ ነው፤ «መጠበቅ» ማለትም ነው። ስለዚህ ሰሙ ዛፍ የሆነ ግጥም፥ ወርቁ ሲወጣ ወዳጁን የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል። «የራሳችንን ቅኔ ሳንጨርስ የሰው ምን ያደርግልናል?» ለሚሉ መልሴ ይኸው ነው፤ ይህን የሰማ ተማሪ ወደ ራሱ ሰምና ወርቅ በአዲስ ዓይን ይመለሳል።

ሁለተኛው ልብ ወለድ ይሁን። ናትሱሜ ሶሴኪ በ1906 ያወጣው «ቦቻን» ከቶኪዮ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ስለ ሄደ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ይተርካል። ተማሪዎቹ መኝታው ውስጥ ፌንጣ ይጨምሩበታል፤ ምን እንደ በላ በሰሌዳ ላይ እየጻፉ ይሥቁበታል፤ መምህራኑም እርስ በርሳቸው ይተማማሉ። ደራሲው ራሱ በ1895 በማትሱያማ ከተማ አስተምሯል። የሥልጣኔ ዘመን የምንለው በሚሥቁና በሚያኰርፉ ሰዎች መካከል ያለፈ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ ታሪክ ነው። ጃፓን በ1872 ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ዐወጀች። ወጪው ግን በገበሬው ላይ ወደቀ፤ ልጁም ከሥራ ተወሰደበት። በ1873 በአንዳንድ አውራጃ የተነሡ ገበሬዎች ትምህርት ቤቶችን እስከ ማቃጠል ደረሱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ የቀረው በ1900 ነው። በ1890 ደግሞ ስለ ትምህርት የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ወጣ፤ ልጆች ለዙፋኑ ታማኝ መሆንን በቃላቸው ያጠኑ ነበር። ከ1903 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ መጽሐፍ ከመንግሥት ብቻ የሚወጣ ሆነ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ግን፥ እነዚያው ልጆች በአስተማሪያቸው ትእዛዝ ብሩሽና ቀለም ይዘው የገዛ መጽሐፋቸውን መስመር አጠቈሩ። ትናንት ቆመው ያነበቡት ዛሬ እንዳይነበብ ተደረገ!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የታሪክ ምሁሩ ኢዬናጋ ሳቡሮ የጻፈው የትምህርት መጽሐፍ በመንግሥት ምርመራ ቢታረምበት፥ በ1965 ክስ መሠረተ። ክርክሩ 32 ዓመት ፈጀ። በ1997 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምርመራውን ራሱን ሕጋዊ ነው ቢልም፥ በቻይና ውስጥ በሕያዋን ሰዎች ላይ ሙከራ ስላደረገው 731ኛ ክፍለ ጦር የተጻፈውን ማስወጣት ሕገ ወጥ ነበር ሲል ፈረደ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ የጃፓንን መሠልጠን ብቻ አስተምረን ይህን ብንዘልል፥ እኛም በመጽሐፉ ላይ ቀለም ቀባን ማለት ነው። ከሌላ አገር የምንማረው ትርፉ ከነዕዳው ሲነገረን ነው።

ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የታሪክና የአማርኛ መምህራን ተስማምተው ለአንድ ሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይስጡ፤ ከእንግሊዝኛው ትርጕም ጥቂት ገጽ መርጠው በአማርኛ ያቅርቡ፤ ተማሪውም ይጠይቅ፥ ይከራከር። ከመካከላችን ነገ አስተማሪዎች የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው፤ ጥሪዬ በተለይ ለእነርሱ ነው።