ማስቀደምና ማስከተል በሒሳብ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ነገሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት በፈተና ላይ ሁለት ማትሪክሶችን ቦታቸውን አለዋውጬ በማባዛቴ መልሱ ተበላሸብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አምስትና አምስት ጊዜ ሦስት እኩል ነው ሲባል ስለ ሰማሁ፣ በሒሳብ ዘንድ ማስቀደምና ማስከተል ለውጥ የለውም ብዬ አምን ነበር። በዚያ ቀን አፈርሁ፤ ዛሬ ግን ያ ስሕተት ያሳየኝን ነገር ልነግራችሁ ቆሜአለሁ።

እዚህ ጫኖ መንገድ ዳር ሦስት ቅርጫት ተደርድሯል እንበል፤ መጀመሪያ ሙዝ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ በመጨረሻ በቆሎ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ቦታ ማለዋወጥ «ሀ»፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ለ»፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን «መ» ይባል። «ሀ»ን አስቀድመን «ለ»ን ብናስከትል ማንጎ፣ በቆሎ፣ ሙዝ ይሆናል። «ለ»ን አስቀድመን «ሀ»ን ብናስከትል ግን በቆሎ፣ ሙዝ፣ ማንጎ ይሆናል። እንዲህ ያለው የመለዋወጥ ቡድን አቤላዊ ያልሆነ ይባላል፤ ስሙም የኖርዌዩን የሒሳብ ሊቅ የኒልስ አቤልን ስም የተከተለ ነው።

አሁን በሦስቱ ፊደላት ቃል እንሥራ። እንዲሁ ብንለቃቸው ቃላቱ ማለቂያ የላቸውም። ዋረን ኒኮልስ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ የትኞቹ ቃላት ዜሮ እንደሚሆኑ ራሱ የመለዋወጡ ሥርዓት የሚወስንባቸውን አልጄብራዎች አቀረበ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ለሦስቱ ቅርጫቶች፣ የመለዋወጡን ምልክት ነጋቲቭ ስናደርግ፣ ሕጉ እንዲህ ይሆናል። አንድ ፊደል በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከመጣ ዜሮ ነው። «ሀለ»፣ «ለመ» እና «መሀ» ቅርጫቶቹን ወደ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ያደርሳሉ፤ የሦስቱ ድምርም ዜሮ ነው። «ለሀ»፣ «መለ» እና «ሀመ»ም እንዲሁ።

እንቍጠር። ባለ ሁለት ፊደል ቃላት 9 ናቸው። 3ቱ ዜሮ ሆኑ፤ በቀሩት 6 ላይ ሁለት ሕግ ስላለ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙት 4 ብቻ ናቸው። ከባለ ሦስት ፊደል 3፣ ከባለ አራት ፊደል 1 ይቀራል፤ ባለ አምስት ፊደል ሁሉ ዜሮ ነው። ባዶውን ቃልና ሦስቱን ነጠላ ፊደላት ስንጨምር 1+3+4+3+1፣ ድምሩ 12 ይሆናል። ማለቂያ የሌለው ይመስል የነበረው በ12 አለቀ!

ፎሚንና ኪሪሎቭ የተባሉ ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉ አልጄብራዎችን ለብዙ ቅርጫት በሚሆን መልክ አቅርበዋል። ለአራት ቅርጫት ቍጥሩ 576፣ ለአምስት ደግሞ 8,294,400 ነው። ለስድስት ግን ያልቃል ወይስ አያልቅም የሚለው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ብዙዎች አያልቅም ብለው ይገምታሉ፤ ግምት ግን ማስረጃ አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሒሳብ ሌሎች ሠርተው የጨረሱት፣ ለእኛ መሸምደዱ ብቻ የቀረ አይምሰለን። መልሱን ለማግኘት ብዙ ዓመት መማር ያስፈልጋል፤ ጥያቄውን ለመረዳት ግን ቅርጫቶቻችን በቂ ናቸው። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ሲያገላብጥ ብታገኙት፣ ሥራ ፈታ አትበሉብን።