ቁስል ይሸፈን እንጂ አይድረቅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በድሬሰርነት ባገለገልኩበት ዘመን ብዙ ቁስል ጠርጌአለሁ፣ አሽጌአለሁ። ዛሬም የምነግራችሁ ስለዚያው ነው።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን፣ ጀበና ተገልብጦባት እግሯ የተቃጠለች ልጇን አዝላ መጣችብኝ። በቁስሉ ላይ የቡና አተላ ተለጥፎ፣ በላዩ የካፕሱል ዱቄት ተነስንሶበታል። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አተላው አንድ በአንድ ሲለቀም ልጅቷ ያለቀሰችው ልቅሶ ከቃጠሎው የባሰ ነበር። እናቲቱን አልወቀስኳትም፤ እኔም በወጣትነቴ «ቁስል ነፋስ ያግኘው፣ ይድረቅ» እያልኩ ሳስተምር ነበርና።

ነገሩ ግን ሌላ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ተገልጦ ከደረቀው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። አዲሱ ቆዳ በደረቅ ቅርፊት ሥር መንገድ ሲፈልግ ይዘገያል፤ በእርጥቡ ላይ ግን ቶሎ ይሄዳል።

መድኃኒት ያለበት ማሸጊያም አለ። የቅባት ጎዝ ከቁስል ጋር ብዙም ስለማይጣበቅ ሲነሣ አዲሱን ቆዳ ብዙም አይገነጥልም። ብር ያለበት ጀርም ለገባበት ቁስል ነው። አዮዲን ያለበትን ደግሞ እንቅርት ያለበት ሰው ለሐኪም ሳይናገር አያስደርግ። ማርም ውኃ እየሳበ ጀርም ያዳክማል፤ ለሕክምና የሚውለው ግን በጨረር ጀርሙ የጠፋለት ነው እንጂ ከገበያ የገዛነው አይደለም። የካፕሱል ዱቄትማ የሚዋጥ እንጂ የሚነሰነስ አይደለም፤ ቆዳ ያስቆጣል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምዳል።

እንግዲህ ልጅ ሲቃጠል ምን እናድርግ? ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ እናፍስስበት። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እበት አይነካው፤ አፈርና እበት የመንጋጋ ቆልፍ ያመጣሉ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ አንድ ቀን አንደር። የስኳር ሕመም ያለባችሁም የእግራችሁን ትንሽ ቁስል አትናቁ።

እድራችን ለመቅበር ብቻ አልተቋቋመም። ድንኳን ከመትከላችን በፊት ጎረቤታችንን ጤና ጣቢያ እናድርስ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!