ያልታየው ውርስ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ለቆቦና ለራያ ቆላ ገበሬ ስለ አቀንጭራ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ግን ነቅቶ ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተለቀቀው፣ ከጎብዬ ከተማችን ጋር ሞክሼ የሆነው «ጎብዬ» ማሽላ ይህን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር የሚያመነጨው በጥቂቱ ነው። ስለዚህም ብዙው አቀንጭራ እንደተኛ ይቀራል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት የሚታወቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

እስቲ እንጠይቅ፦ የሚቋቋመውንና የማይቋቋመውን ፍሬ መዳፋችን ላይ ብናደርግ በዓይን እንለያቸዋለን? አንለይም። ልዩነቱ ከወላጅ በተወረሰው፣ በውስጥ ባለው ዘረ-መል ነው። ባለሙያዎች ይህን ውርስ ጂኖታይፕ ይሉታል። በውጭ የሚታየውና በምርመራ የሚለካው ጠባይ፣ ማለትም ቁመቱ፣ ቀለሙ፣ ምርቱ፣ ፊኖታይፕ ይባላል። በዚህኛው ላይ ዝናቡም አፈሩም ድርሻ አላቸው።

በሰውም እንዲሁ ነው። የደም ዓይነትን ብንወስድ፣ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ እንወርሳለን። ደሙ «ኤ» የሆነ ሰው ከአንዱ ወላጁ «ኦ» ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ «ኦ»ው ግን በ«ኤ» ተሸፍኖ በተለመደው የደም ምርመራ አይታይም። ደሟ «ቢ» የሆነች ሚስቱም እንደዚሁ «ኦ» ተሸፍኖባት ከሆነ፣ የሚወልዱት ልጅ ደሙ «ኦ» የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ወንድሞቻችን ሆይ! ይህን ባለማወቅ «ልጁ እኔን አይመስልም» ብሎ ሚስቱን የሚጠረጥር፣ ትዳሩን የሚያፈርስ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ የገጠር ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጥርጣሬ ነገራቸው። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ቀይ ናቸው አለ፤ በመካከላቸውም ዳለቻ እንዳለ አመነ። ከየት መጣ ቢሉት፣ ምናልባት የቀድሞ ዘር ስቦት ይሆናል አለ። ልጅህም እንዲሁ ይሆናል ብለው መለሱት፤ ልጁን እንዲክድም አልፈቀዱለትም።

ሐዲሱ የላቦራቶሪ ትምህርት ነው አንልም። ነገር ግን መልክን ብቻ አይቶ የሰው ክብር መንካት እንደማይገባ ያስተምረናል። የማሽላን ፍሬ እንኳ በመልኩ ማወቅ ያልቻልን እኛ፣ በልጅ መልክ እናቱ ላይ እንዴት እንፈርዳለን?

አላህ ቤታችንን ከክፉ ጥርጣሬ ይጠብቅልን።